እማዬ እንዳላሸንፍ ስትሳል

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ውርጩ የሚኒባሱን መስታወት ነጭ አድርጎት ረዳቱ በመታወቂያ ካርዱ ይፍቀዋል። እማዬ እኔን ለመሸኘት ከአንኮበር መጥታ ታላቅ እህቴ እታለም ቤት ነበር ያደረችው። መናኸሪያው በር ላይ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ሳምንቱን ሙሉ የጠየቀችኝን ደገመችው።

«ምን ልትማር ነው ያልከኝ?»

«የዓሣ እርባታ።»

«አንኮበር ላይ ዓሣ ከየት ሊመጣ?»

«እሱ ወደፊት ይታያል ተብሏል።»

እታለም ሳቀች፤ እማዬ ግን አልሳቀችም። «በል እንግዲህ፣ ውሃ ዳር አትቁም» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ የበግ ሰው ነኝ። የተማርኩትም በግ፣ ደመወዝ የሚከፈለኝም በበግ ነበር። የውጭ አገር ሥልጠና መጣ ሲባል የበጉ ቦታ ተይዟል፣ የቀረው የዓሣው ነው፣ አገሩም ኖርዌይ ነው አሉኝ። ዕድል ሲመጣ በግ ነህ ዓሣ ነህ አይባልም ብዬ ተነሣሁ። ጫጫ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ሲቆም አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ወዴት ነው ጉዞው?» ቢሉኝ ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡና «አንተ ከምትሄድ ዓሣው ቢመጣ አይሻልም?» አሉኝ። እኔም አዲስ አበባ ወርጄ ወደ ኖርዌይ በረርኩ።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል አገር ቤት ተኩስ ሆነ፣ መንገድ ተዘጋ። እታለም ደወለችና «ትንሽ እስኪበርድ አትምጣ» አለችኝ። ነገሩ እስኪበርድ ማለቷ ነበር፤ የበረደው ግን እኔን ነው። ጥገኝነት ጠየቅሁና መልሱን እየጠበቅሁ የሳልሞን ጭንቅላት የሚቆረጥበት ፋብሪካ ገባሁ። «የምኖረው ባሕር ዳር ነው» ስላት እማዬ ጎጃም መስሏት «ውይ ቅርብ ነሃ!» ብላ ጎረቤት ሁሉ አዳርሳለች።

ክፍል ያከራዩኝ ኢንግሪድ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። እዚህ አገር አንቱታ የለም። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን ሴት «አንቺ» በላት ሲሉኝ አፌ እምቢ አለ፤ በልቤ አንቱ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ አቁመው መረመሩኝ።

«ታጨሳለህ?»

«አላጨስም።»

«ሙዚቃ ትከፍታለህ?»

«አልከፍትም።»

«እንግዳ ይመጣብሃል?»

«ማንንም አላውቅም።»

«በጣም ጥሩ!» አሉና ቁልፉን ሰጡኝ። እኛ ዘንድ ማንንም አላውቅም ላለ ሰው ይታዘንለታል፤ እዚህ ቤት ይከራዩታል።

ክፉ ሴት አይደሉም። «ብሩንኦስት» የሚሉትን ቡናማ አይብ ቆርጠው አጎረሱኝ ልል ነበር፣ ጉርሻስ የለም፣ በሰሃን ሰጡኝ። ሳሙና በስኳር ቢቀቀል እንዲያ የሚሆን ይመስለኛል። አገሬ አገሬ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዎ ሲሉ እንደኛው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። አንዳንድ ቀን ያንን ድምፅ ለመስማት ብቻ መልሱን የማውቀውን ነገር እጠይቃቸዋለሁ።

አንድ ቀን ላርስ የሚባል ወጣት የፊልም ዳይሬክተር ፋብሪካችን መጣ። ባሕር በልቶት ዳርቻ ላይ የተተፋ ስደተኛ ይፈልጋል። «ምንም መናገር የለም፤ ሞቶ መገኘት ብቻ ነው» አለን። ከእኔ በፊት ሌሎች ሞክረው ነበር፤ እርጥብ አሸዋ ላይ ሲጋደሙ እየተንቀጠቀጡ አስቸገሩት። ሬሳ ደግሞ አይንቀጠቀጥም። እኔ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ላይ መኪና እየጠበቅሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ብርድ ሲመጣ ድርቅ ብሎ መቆም እናውቅበታለን። ተጋደምኩ። ባሕሩ በላዬ ሄደ፣ መጣ። አንዲት ወፍ ሆዴ ላይ ቆመች። አልተነቃነቅሁም። ላርስ እጁን አፉ ላይ ጭኖ «ተፈጥሮህ ነው!» አለኝ። እንዲህ ዓይነት ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

በመጨረሻው ቀን ሐሳብ መጣለት። ሬሳው በሕልም ቀና ብሎ በገዛ ቋንቋው አንድ ነገር እንዲናገር ፈለገ። «ከልብህ የመጣውን ተናገር» አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ የተጋደምኩ ሰውዬ ነኝ፣ ጆሮዬ ውሃ ሞልቷል፣ እግሬ የት እንዳለ አላውቅም። ቀና አልኩና ከልቤ የመጣውን ተናገርኩ፦

«ኧረ በብርድ አለቅሁ! ሰው የለም እንዴ እዚህ አገር? ብርድ ልብስ አምጡልኝ!»

ካሜራ የያዘችው ልጅ አለቀሰች። ላርስም አለቀሰ። «ያልኩትን በደንብ ልተርጉምልህ» ስለው «አያስፈልግም፣ ከዓይንህ ገብቶኛል» አለኝ። ፊልሙ ሲወጣ ከሥሩ በኖርዌይኛ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «እናቴ ከሞተች ወዲህ አገሬ ባሕሩ ነው።»

ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም። ሬሳ ሆኜ ሥራ አገኘሁ ተብሎ ለእናት እንዴት ይነገራል? ችግሩ የፊልሙ ማስታወቂያ ፌስቡክ ላይ መውጣቱ ነው። አንድ የሠፈር ልጅ አይቶት ለእታለም ላከላት፤ እኔ አሸዋ ላይ ተዘርሬ፣ ከንፈሬ ሰማያዊ ሆኖ፣ ከሥሬ ማንም የማያነበው ጽሑፍ። ደወለች፤ ፋብሪካ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ደጋግማ ደወለች። ከሥራ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት አንኮበር የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል፤ እታለምም እዚያ ሄዳለች። ወደ እታለም ደወልኩ።

«ሃሎ፣ ማነው?» አለችኝ በተዘጋ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ማነህ?»

«ወንድምሽ ነኛ!»

ጮኸች። ስልኩ መሬት ወድቆ ሲንከባለል፣ ሰው ሲተራመስ ሰማሁ። ቆይቶ እማዬ አነሣችውና «የናቴ ልጅ ከሆንክ፣ የሰጠሁህ ምክር ምን ነበር?» አለች፤ ደንግጣ ልጇን ወንድሟ አድርጋዋለች።

«ውሃ ዳር አትቁም።»

«ታዲያ ለምን ተጋደምክበት?» አለችና አለቀሰች።

የአባቴ ወዳጅ ሼህ ሰይድ ለቅሶ ሊደርሱ ከአሊዩ አምባ ያን ሁሉ አቀበት ወጥተው ነበር። እሳቸውም ስልኩን ተቀበሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ! እንኳን ኖርክ! ግን ሁለተኛ ስትሞት ቀደም ብለህ አስታውቀን፤ ጉልበቴ አልቋል» አሉኝ። የተዘጋጀው ንፍሮ ተበላ፤ እድርተኛውም ድንኳኑን ከመንቀሉ በፊት ደስታ ነው ብሎ ትንሽ ጨፈረበት።

ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በዚህ አገር በጋ አጋማሽ ላርስ እየሮጠ መጣ። በአገሪቱ የፊልም ሽልማት ላይ በረዳት ተዋናይነት ታጭቻለሁ። ካሸነፍኩ ደግሞ የሚቀጥለውን ፊልም ለእኔ ሊጽፍልኝ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው፣ ቤት ያለው፣ የሚናገር፣ ምናልባት የሚያገባ። ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰውዬ ከልቤ አልወጣ አለ። እዚህ አገር በሕይወት ያለ ሰው ሆኜ መታየት እንዴት እንዳማረኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ትንበያው ተጀመረ። ኢንግሪድ በየዓመቱ ማን እንደሚያሸንፍ ይተነብያሉ፤ ጎረቤታቸው እንደነገረኝ አንድም ቀን ልክ ሆነው አያውቁም። ቁርስ ላይ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «ዘንድሮ አንተ ነህ!» አሉኝ። «እባክዎ ሌላ ሰው ይበሉ» አልኳቸው። «በፍጹም! እርግጠኛ ነኝ» አሉና ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

አገር ቤት ደግሞ ቤተሰቤ ለሁለት ተከፈለ። እታለም «ወንድሜ ካሸነፈ ጥላ አገባለሁ» ብላ ለሚካኤል ተሳለች። እማዬ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ እዚያው ሚካኤል ሄደችና ካላሸነፈ ጥላ አገባለሁ ብላ ተሳለች።

«እማዬ፣ ምን አደረግሁሽ?» አልኳት በስልክ።

«አንተ ሞኝ፣ ሞቶ የተሸለመን ሰው ሁለተኛ እንዲሞት ይፈልጉታል። ቆሞ ሲሄድ ያየው ማን አለና?»

«ካሸነፍኩ እኮ በሕይወት ያለ ሰው አድርገው ሊያሠሩኝ ነው።»

«ባንተ ሕይወት የእነሱ ሽልማት ምን አግብቶት?»

የንስሐ አባታችን ሁለቱንም ስለት ሰምተው «በማናቸውም በኩል ቤተ ክርስቲያኒቱ ጥላ አታጣም» ብለው ሁለቱንም መረቁ።

በዚህ መሐል የስደተኞች ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት ጠራኝ። መነጽር ያደረገ ጨዋ ሰው ፊቱን አኮማትሮ ተቀበለኝ።

«ማመልከቻህ ላይ እናትህ በሕይወት አሉ ብለሃል።»

«አሉ።»

«ፊልሙ ላይ ግን ሞተዋል ብለሃል።»

«ፊልም ነው።»

«ቃሉን ራስህ እንደፈጠርከው ዳይሬክተሩ ጋዜጣ ላይ ተናግሯል። ደግሞም አገሬ ባሕሩ ነው ብለሃል። አገርህ ባሕሩ ከሆነ ከኢትዮጵያ ነው ጥገኝነት የምትጠይቀው ወይስ ከባሕሩ?»

አስተርጓሚ ይጠራልኝ አልኩ። በስልክ አንዲት ሀበሻ ሴት ቀረበች። ሰውዬው ቪዲዮውን ከፍቶ አሰማት። «አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አለች። ደገመላት። ሳቋን በሳል ለመሸፈን ስትታገል ይሰማኛል። በኋላ ድምጿን አስተካክላ «አመልካቹ ብርድ ልብስ እንዲሰጠው ጠይቋል» ብላ ተረጎመች።

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። «እኔና ባለቤቴ እኮ አልቅሰንበታል» አለኝ፤ እውነት አዘነ።

«ይቅርታ» አልኩት። ምን ይባላል?

«ባለቤቴ ታሸንፋለህ ብላለች። አልነግራትም።» ከዚያ ወረቀቱን ሰብስቦ «ውሳኔው በደብዳቤ ይደርስሃል» አለ። ይኸው እየጠበቅሁ ነው።

የሽልማቱ ቀን ነሐሴ ላይ ዋለ። አንኮበር ጉምና በረዶ ነው፤ እዚህ ምሽት ላይ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። የኢንግሪድን ባል ሙሉ ልብስ ለበስኩ፤ ሟቹ ክንዳቸው አጭር ነበር። ላርስ በር ላይ መከረኝ፦ «ካሜራ ፊትህ ላይ ይሆናል። ሌላ ሰው ከተጠራ ፈገግ ብለህ አጨብጭብ።» እኛ ዘንድ የተሸነፈ ሰው ፊቱን ይሸፍናል፤ እዚህ ላሸነፈው ሰው ሲያጨበጭብ አገር ያየዋል። እማዬ ከአንኮበር መጥታ እታለም ቤት ናት፤ ሁለቱ ባላንጣዎች በአንድ ስልክ እያዩኝ ነው።

መብራቱ ደብዘዝ አለና የእኔ ትዕይንት ወጣ። ግድግዳ የሚያህል ሬሳ። ቀና አልኩ። ድምፄ በዚያ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ አስተጋባ፦ «ሰው የለም እንዴ እዚህ አገር?» ሰው ሁሉ ከሥሩ የተጻፈውን እያነበበ እንባውን ይጠርጋል። በአማርኛ የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ባስታወስኩት ቁጥር ያስቀኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ዘወር ዘወር አልኩ፤ መልስ የሚሰጥ ሰው የምጠብቅ ይመስል።

ፖስታው ተከፈተ። ያሸነፈው ፊልሙን ሙሉ ኮማ ውስጥ ተኝቶ ያሳለፈ ሽማግሌ ተዋናይ ነው። ላርስ ጆሮዬ ላይ «እሱ እኮ ሲተነፍስ ይታያል!» ብሎ ተንሰቀሰቀ። እኔ ግን ፈገግ አልኩና አጨበጨብኩ። በሕይወት ያለው ሰውዬ፣ ቤት ያለው፣ ሊያገባ የነበረው፣ እያጨበጨብኩ ሸኘሁት።

ደጅ ወጥቼ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አላሸነፍኩም።»

እልልታው ስልኩን ሰነጠቀው። ደጅ የቆሙ ሰዎች ዞረው እንኳን ደስ አለህ እያሉ ብርጭቆ አነሡልኝ። ከኋላ እታለም «ሚካኤልማ ለእሷ ያደላል፣ ድሮም ወዳጇ ነው!» እያለች ታማርራለች።

«መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ እማዬ እልልታው ሲያልቅ።

«መልስ ሲሰጡኝ።»

«ማነው መልሱን የያዘው? ስልኩን ስጠኝ፣ እኔ ላናግረው።»

«ቋንቋቸውን አታውቂም እኮ።»

«አንተስ በምን ቋንቋ ነው አገሩን ያስለቀስከው?»

ከዚያ ደህና እደር አለችኝ፤ ስልኩን ግን መዝጋቱን ስለማታውቅበት የሆነ ቦታ አስቀመጠችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማኛል። እታለም አልጋውን እያነጠፈች ነው መሰለኝ።

«ከስቷል፣ አላየሽውም?» አለች እማዬ።

«ሬሳ ሆኖ እኮ ነው፣ ቀብተውት ነው።»

«ሬሳውን አይደለም» አለች። «ሲያጨበጭብ ነው ያየሁት።»

አዳራሹ ውስጥ ስሜን እየጠሩ ይፈልጉኛል። እኔ ደጁ ላይ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የሚዘንበውን ዝናብ እሰማ ነበር።