ለአክስቴ ያልደረሰው መልእክት

ልጅ ሳለሁ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እራት እስኪደርስ ያለችው ሰዓት የእኔና የአክስቴ የየሺ ነበረች። የምንኖረው ላሊበላ ውስጥ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ በድንጋይ በተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ከዜማ ተማሪዎቻቸው ጋር ስለሚቆዩ ቶሎ አይመጡም። እናቴ ደግሞ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ስለነበረች ከእሳቸውም ትዘገያለች። አክስቴ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ጥጥ ትፈትላለች። እኔ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ያጠናሁ እመስላለሁ። መብራት በየሁለት ቀኑ ይጠፋ ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ ደብተሬን ማንበብ አልችልም ነበር፤ ኩራዙ የሚያሳየኝ የአክስቴን ፊትና የምትሽከረከረውን እንዝርት ብቻ ነበር።

አክስቴ በወጣትነቷ፣ በደርግ ጊዜ፣ የአውራጃው የኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበረች። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በቤታችን ግን ስሙ አይነሣም። እሷ የምታነሣው አባቴ በሌሉበት በዚያች ሰዓት ብቻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ ብቻ ነው።

ቡድኑን የሚመራው ጋሽ ንጉሤ የሚባል አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። እሱን ስታወራ ዐይኗ ይበራል። አንድ ቀን፣ ትለኛለች፣ ከቀትር በኋላ የጫናቸው የጭነት መኪና ጋሸና አቅራቢያ ተበላሽቶ ቆመ። ወዲያው ጉሙ ወረደ፤ እጃቸውን ቢዘረጉ ጣታቸው አይታያቸውም። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። ጋሽ ንጉሤ «ተነሡ፣ ቁመን ካልዘፈንን እዚሁ ደርቀን እንቀራለን» ብሎ አኮርዲዮኑን አነገተ። እነሱም መኪናው ላይ እንደቆሙ የሠርግ ዘፈን አቀለጡት። ከጉሙ ውስጥ ድምፅ የሰሙ የአካባቢው ገበሬዎች የሠርግ አጀብ መንገድ የጠፋበት መስሏቸው ዳቦና ጠላ ይዘው ደረሱ። አንድ ሽማግሌ ወደ መኪናው አንጋጠው «ለመሆኑ ሙሽራዋ የታለች?» ሲሉ ጋሽ ንጉሤ ሳይስቅ አክስቴን አሳያቸው። ሽማግሌውም መረቋት።

ከበሮ መቺው ደግሞ ሰይድ ነበር፤ ቆላ ካለ የመንገድ ዳር ከተማ የመጣ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። በደጋው ብርድ የከበሮው ቆዳ እየላላ ሲያስቸግረው ከመድረክ በፊት ፍም ላይ ያሞቀዋል፤ ሕፃን እንደሚያሞቅ ሰው እያገላበጠ። አንዴ ወሬ ይዞት ቆዳውን አቃጠለውና ከበሮው ተቀደደ። ሕዝቡ ተሰብስቧል። ሰይድ ጓሮ ገብቶ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይዞ መጣና በእሱ መታላቸው። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ በጣቶቿ የበርጩማውን ጠርዝ ትመታልኝ ነበር። እኔም በማግስቱ ትምህርት ቤት ዴስኩን ስመታ ተገኝቼ ተቀጣሁ። ሙዚቃ የሚባለው ነገር ልቤ የገባው እንዲህ ነው፤ ራዲዮም ካሴትም ሳይኖረን፣ ሰምቻቸው በማላውቃቸው ሰዎች ወሬ።

ይሁንና ያኔ አንድም ተረት ተረጋግቼ የሰማሁ አይመስለኝም። ጆሮዬ ግቢው በር ላይ ነው። አባቴ ከበር ሲደርሱ ያስላሉ፤ ያን ጊዜ አክስቴ የጀመረችው ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ትቆማለች፣ እኔ ደብተሬ ላይ አቀረቅራለሁ። አባቴ ይገቡና «እንዴት ዋሉ እትዬ?» ይላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አይነጋገሩም። አክስቴ ታላቃቸው ናት፤ አንቱ ማለታቸውን ማንም ሰው ነውር አይለውም። እኔ ግን እናቴን፣ ጎረቤቱን፣ ሌላው ቀርቶ ታላቅ ወንድማቸውን ጭምር አንተ አንቺ ሲሉ እሰማ ስለነበር፣ ያ «እርስዎ» እንደተዘጋ በር ይሰማኝ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ ምሽት፣ «ታዲያ ለምን ተውሽው?» ብዬ ጠየቅኋት።

ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሰችና ነገረችኝ። ቡድኑ ጋሸና ላይ ሊያሳይ ሄዶ ሳለ እናታቸው፣ አያቴ ማለት ነው፣ በጠና ታመሙ። ከሰፈር አንድ ሰው በጭነት መኪና ተልኮ ጋሸና ደረሰ። እሷ ከአዳራሹ ጀርባ ልብስ እየቀየረች ነበርና መልእክቱን የተቀበለው ጋሽ ንጉሤ ነው። ሾፌሩ ወደ ላሊበላ ሊመለስ ስለቸኮለ መልእክተኛው አደራውን ሰጥቶ በዚያው መኪና ተመለሰ።

«አዳራሹ ሞልቶ ነበር» አለችኝ። «ዘፋኟ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲያልቅ እነግራታለሁ ብሎ ያዘው። ሲያልቅ ነገረኝ። ግን መኪና የት ይገኛል? በማግስቱ ስደርስ ሰዉ ከቀብር ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን።»

«ጋሽ ንጉሤ?» አልኩ። እንዲያ የምወደው ሰው መሆኑን ማመን አቃተኝ።

«እሱው ነው። እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። እኔም ይቅር አልኩት፤ ግን ከዚያ በኋላ አፌን ብከፍት ድምፅ እምቢ አለኝ።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ወንድሜ መልእክቱን ሰምቼ የቀረሁ ነው የሚመስለው፤ ይምሰለው። እውነቱን ካወቀ ንጉሤን ይረግመዋል። ሰውየው ሞቷል፤ የሙት ነፍስ እርግማን አይሸከምም። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አልኩ።

ከዚያ ምሽት በኋላ እንቅልፌ ተበላሸ። አባቴ «እንዴት ዋሉ እትዬ?» ባሉ ቁጥር ምላሴ ላይ የተቀመጠው ነገር አምልጦኝ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ገበታ ላይ ቀና ብዬ አላያቸውም። ብናገር የማርያምን ስም ጠርቼ መዋሸቴ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ እየተላለፉ ሲያረጁ እያየሁ ነው። ማንን ልጠይቅ? ጉዳዩን የማውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን።

በዚያው ዓመት የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ሊወዳደር ጋሸና እንደሚሄድ ተነገረንና አስተማሪያችን ለዘፋኝነት እኔን መረጠኝ። ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱን አራት ቀን ደብተሬ ውስጥ ደብቄ ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ እናቴ ገና ከሥራ ሳትመጣ፣ ለአባቴ ሰጠኋቸው።

ቀስ ብለው አነበቡት። «ጋሸና?» አሉ። «ምን ልትሠሪ?»

«ልዘፍን።»

ወረቀቱን አጠፉት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አክስቴን ሳያዩ ወደ ምድጃው እየተመለከቱ ተናገሩ።

«እናታችን ያረፉት ‹የሺ መጣች ወይ?› እያሉ ነው። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። በሩን እያየሁ ‹እየመጣች ነው› እላቸው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዋሸኋቸው። የእኔ ልጅ ጋሸና መድረክ ላይ ቆማ ሰው አታስጠብቅም።»

አክስቴ አቀርቅራ ትፈትላለች። ፊቷ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። እንዝርቷ ግን ክሩን በጠሰው፤ እሷም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መልሳ ልትቀጥለው ትሞክራለች፣ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋታል። ያን ሳይ አላስቻለኝም።

«አልተነገራትም እኮ አባባ» አልኩ። «መልእክቱን ሰውየው ደብቆባት ነው። መድረኩን ጨርሳ እስክትወርድ አላወቀችም።»

አባቴ ወደ አክስቴ ዞሩ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለች፣ ሳታያቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

‹ለምን አልነገሩኝም?› አላሉም፤ አንቺ አሏት። ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አክስቴም ቀና አለች።

«መች ጠየቅኸኝ?» አለች ቀስ ብላ። «ከቀብር ስትመለሱ ስደርስ፣ ፊት ለፊቴ ቆመህ፣ ‹ዘፈኑ አለቀ ወይ?› ነው ያልከኝ። ከዚያ ወዲያ ከየት ልጀምርልህ?»

አባቴ ቆሙ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ላይ አንሥተው መልሰው ለበሱት፤ ምን እንደሚያደርጉ የጠፋባቸው ይመስሉ ነበር።

«ሰውየው አለ?»

«ሞቷል።»

ዐይኔን ጨፈንኩ። እርግማኑን ነው የምጠብቀው። በእኔ ምላስ ምክንያት አኮርዲዮን አንግቶ ጉም ውስጥ የቆመ ሰው መቃብሩ ውስጥ ምን ሊደርስበት ነው እያልኩ እጨነቃለሁ።

«ነፍሱን ይማር» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወጡና እናቴ ከሥራ ስትመለስ ከግቢው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

ወረቀቱ አልተፈረመም። ክበቡ እኔን ትቶ ሄደ። አክስቴም «ማርያምን ብለሽ ነበር» አለችኝና ከዚያ ለሦስት ሳምንት ያህል ምንም አልነገረችኝም። ትፈትላለች፣ እኔም አጠናለሁ፤ ምሽቶቹ እንደዚያ ረዝመው አያውቁም። ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሰዎቹን ሁሉ፣ ጋሽ ንጉሤንም ሰይድንም፣ ከቤታችን ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር።

አንድ ምሽት ግን አክስቴ ሳልጠይቃት የጉሙን ታሪክ እንደገና ጀመረች። ገበሬዎቹ ዳቦ ይዘው የደረሱበት ላይ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። አባቴ ናቸው፤ ከግቢው በር ላይ አላሳሉም። አክስቴ አቆመች። አባቴ ጫማቸውን አወለቁ፣ መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ወደ ፍሙ ዘረጉ።

«ቀጥይ» አሏት።

ቀጠለች። ሽማግሌው «ሙሽራዋ የታለች?» ያሉበት ላይ ስትደርስ አባቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሲያልቅ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲመረምሩ የኖሩት ሰው፣ እንደ ተማሪ ጠየቋት።

«አኮርዲዮን የምትሉት ድምፁ እንዴት ያለ ነው?»

አክስቴ አሰበች። ከዚያ አፏን ከፈተችና በአፍንጫዋ በኩል፣ በዝቅታ፣ ረጅም ድምፅ አወጣችላቸው። ያን ሁሉ ዓመት እምቢ ያላት ድምፅ ነበር። አባቴ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙት፤ ጥሩ ነውም መጥፎ ነውም አላሉም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ወረቀት ሳመጣ ግን ፈረሙልኝ።

አሁን በላሊበላ አምስት ሰዎች ያሉበት አነስተኛ ባንድ እመራለሁ። እንግዳ ሲኖር ሆቴል፣ ሳይኖር ሠርግ እንሠራለን። ባለፈው ዓመት ጋሸና ሠርግ ተጠርተን ሙሽሮቹ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው የመሲንቆ ተጫዋቻችን ሲጫወት እንዳይረብሸው እኔ ቦርሳ ውስጥ ያስቀመጠው ስልክ ጠራ። ወንድሙ ነው። አባታቸው ወድቀዋል፣ ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡም። ስልኩን ዘግቼ ቆምኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጅማቱን እየቃኘ ነው፤ ያለ እሱ መሲንቆ የምንሠራው የሠርግ ዘፈን የለንም። ሙሽሮቹን እናስገባና ወዲያው እነግረዋለሁ አልኩ በልቤ። ይህን ሳስብ ሰውነቴ በላብ ተጠመቀ። እንደዚያ ያለ ነገር ለማሰብ ክፉ ሰው መሆን እንደማያስፈልግ ያን ቀን ገባኝ።

ሄጄ ነገርኩት። መሲንቆውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ሮጠ። እኛ በከበሮና በኪቦርድ እንደምንም ገፋነው፤ ሠርጉ ተበላሸ፣ የሙሽራው ዘመዶች ፊት ነሱን። ልጁ አባቱን በሕይወት አገኛቸው። ሁለት ቀን አብሯቸው ቆይቶ ቀበራቸው።

ለአክስቴ ስነግራት ስለ ልጁና ስለ አባቱ እየፈተለች ሰማችኝ። ከዚያ «ሠርጉስ?» አለች።

«ተበላሸ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ንጉሤም የፈራው ይኸን ነበር» አለችኝ፣ ዛሬም እየራራችለት።

እኔ እሱን ይቅር ልበለው አልበለው እስካሁን አልወሰንኩም፤ ይቅርታው የእኔ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ግን አኮርዲዮን በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ፍርሃት ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ በጉም ውስጥ ቆሞ የሚዘፍን ሰው። ሁለቱን ለያይቼ መስማት እስከ ዛሬ አልቻልኩም።