የረጋው ጥላሸት
ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ የተበላሸ ቀለም ማንን ያሳስበዋል?

አባቴ የብራና ጸሐፊ ናቸው። ከብቸና ወደ ሞጣ ስንዛወር ለወራት ሲታሽ የኖረው ቀለም ያለበት ማሰሯቸው መኪና ላይ ተሰበረ። ለጥር ማርያም ንግሥ የሚደርሰው የዳዊት መጽሐፍ ጥቂት የብራና ቅጠል ቀርቶት ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ የመጨረሻ መጽሐፋቸው እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ከጥላሸትና ከተቆላ ገብስ በችኮላ አዲስ ቀለም አበጀን። ሲያድር ጥላሸቱ ከታች ረጋ፣ ከላይ ውሃ ብቻ ሆነ። የመጀመሪያ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝና መፍትሔው ከእኔ የሚጠበቅ መሰለኝ።

«የጥላሸት ብናኝ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ገላው ላይ እንደ ክር የረዘመ ፖሊመር ቢተከልበት ግን ክሮቹ ያራርቁታል፤ አይዘቅጥም» አልኋቸው።

«ጥላሸቱ ጸጉር ያብቅል ነው የምትይኝ? የእኔ ራስ እንኳ እምቢ ብሏል!» ብለው ሳቁ።

ለመትከል የሚያስፈልገው ኬሚካል በእጄ አልነበረም። የግራር ሙጫ አሟሙቼ ቀላቀልሁበት፤ ሙጫ ግን ብናኙን ይሸፍነዋል እንጂ አይተከልበትም። ስቀንሰው ቀለሙ ዘቀጠ፤ ስጨምረው ፊደሉ ብራናው ላይ ደርቆ ተሰነጠቀ። አባቴ መሳቅ አቆሙ።

«ከደብረ ወርቁ ጸሐፊ ቀለም ልዋስልዎ?» ብዬ ለመንኋቸው።

«በሰው ቀለም ስሜን አልጽፍም» አሉ።

ዳዊቱን በነጠላ ጠቅልለው እንዲፈጽመው ለደብረ ወርቁ ጸሐፊ ላኩት። በመጨረሻው ገጽ ስሙን ጽፎ ጸሎት የሚለምነው መጽሐፉን የፈጸመው ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዳዊቱን የተረከበው በሌላ ሰው ስም ነው፤ ጥር 20 ቀን 2013 ዓ.ም.።