በመንገድ የለካነው እንቆቅልሽ

ጎባ ቤታችን ውስጥ የእንቆቅልሽ ክብደት የሚለካው በመንገድ ነበር። በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣው ጋዜጣ የመጨረሻ ገጹ ላይ መስቀለኛ ቃላት ያወጣል፤ ወደ ጎንና ወደ ታች የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች፣ ከሥራቸው ደግሞ ፍንጭ ተብዬው። ፍንጩ ቀጥ ያለ ነገር አይናገርም፤ ዘወርወር እያለ ነው የሚጠይቀው። በቀላሉ ከተፈታ «ሮቤ ነው» እንላለን፤ ሮቤ ከጎባ ሜዳ ለሜዳ እየተጫወቱ የሚደርሱባት ናትና። ትንሽ ካለፋን ከሮቤ ወዲያ ያለችው አጋርፋ ነው። ትንፋሽ ካሳጠረን ሰነቴ ነው፤ ያን ብርዳም ተራራ የወጣ ያውቀዋል። ከሁሉ የባሰው ሶፍ ዑመር ነው፤ ወንዙ ራሱ ገብቶ የሚጠፋበት፣ መብራት ያልያዘ ሰው የማይደፍረው ዋሻ።

ይህን ሚዛን ያወጡት አማቼ ናቸው፣ የባለቤቴ አባት። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ማንኛውም ነገር ሳይፈረድበት ካደረ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ነበሩ። የጨዋታ ጓደኛቸው ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ናቸው። የሐጂ ሱቅ አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ አጠገብ ስለሆነ ጋዜጣውን ተቀብለው የሚያመጡት እሳቸው ነበሩ። «አካም ኦልቴ፣ ኦቦ ዳኛ» እያሉ ይገባሉ፣ እንዴት ዋልክ አቶ ዳኛ ማለታቸው ነው፤ አማቼም ደህና ውያለሁ ሳይሉ እጃቸውን ለጋዜጣው ይዘረጋሉ። ሻይና የሲናና ገብስ ቆሎ አቀርባለሁ፤ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። እንቆቅልሹስ ይፈታል፤ የሚያጣላው ሚዛኑ ነው። ሐጂ ሰነቴ ነው ሲሉ አማቼ አጋርፋ ነው ይላሉ፤ አንተ ከበቅሎ ሳትወርድ ስለኖርክ እግርህ መንገድ አያውቅም ብለው ይሰድቧቸዋል። በመጨረሻ አማቼ እስክሪብቷቸውን ያነሡና ከሳጥኖቹ ጎን የመንገዱን ስም ጽፈው «ተፈርዷል» ይላሉ። ይግባኝ የለም።

እኔ መጀመሪያ ከዚህ ጉባኤ ውጭ ነበርኩ። ሙሽራ በአማቷ ፊት ቀና ብላ አታወራም፤ አስተማሪ ብሆንም ከዚህ ልማድ አላመለጥኩም። ሻዩን አስቀምጬ ከመጋረጃው ጀርባ እቆማለሁ። አንድ ቀን «ፀሐይ ስትወጣ ይወለዳል፣ ስትጠልቅ ይሞታል፤ ሁለት ፊደል» የሚል ፍንጭ ይዘው ሁለቱ ሽማግሌዎች ቢያወጡ ቢያወርዱ አልሆን አላቸው። እኔ ደግሞ ምላሴ ድሮም አያርፍም፤ እዚያ ቆሜ ቆሽቴ አረረ። «ጥላ ነው እንጂ» አልኩ ጮክ ብዬ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አማቼ ግን ወደ መጋረጃው ዞር ብለው፣ ሙሽሪት መልሱን ካወቀች ሚዛኑንም ትናገር አሉ። ሮቤ ነው አልኳቸዋ፣ ምን እላለሁ። ሐጂ ሳቃቸውን ለቀቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስተኛ ወንበር ተጨመረ፤ ሙሽሪት የሚለው ስም ግን ልጆች ከወለድኩም በኋላ አልለቀቀኝም።

አሮጌውን ጋዜጣ አንጥለውም። ለዘመን መለወጫ ቤት ሲታደስ የአማቼን ክፍል ግድግዳ በእሱ አለብሰዋለሁ፤ የጎባ ብርድ በጭቃው ስንጥቅ ሁሉ ይገባላ። በዱቄት ሙጫ ሳጣብቀው እንቆቅልሹ ያለበት ገጽ ወደ ውጭ እንዲሆን አማቼ ከኋላዬ ቆመው ያዝዙኛል። ስለዚህ አልጋቸው ላይ ሆነው ፊት ለፊት የሚያዩት የራሳቸውን ጽሕፈትና የራሳቸውን ፍርድ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ቀስ እያለ ነው። አንድ ሳምንት አማቼ ቀላሉን ሶፍ ዑመር ነው አሉ፤ ተገርመን ተያየን። በሚቀጥለውም ሶፍ ዑመር፣ በሚቀጥለውም። ቃሉ ምላሳቸው ላይ ደርሶ ይመለሳል። ሻይ ጠጥተው ሲያበቁ ሻይ ረሳሽ እንዴ ይሉኛል። እኔ ሞኟ እንደ ልማዴ ተከራከርኩ፤ ይሄማ ሮቤ ነው፣ ተማሪዎቼ ይፈቱታል ስል ፊታቸው ተለወጠ። ሐጂ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ።

ሐጂ ሲወጡ በር ላይ አቆሙኝ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ በኦሮምኛ ነው። «መንገዱ አልረዘመም። እግሩ ነው የደከመው። የእኔም አባት እንዲሁ ነው የጀመራቸው።»

ደሜ ፈላ፤ እውነት ስለሆነ ነው ደሜ የፈላው። የጠየቁኝ ከእንግዲህ አብረን ሶፍ ዑመር እንድንል ነበር። ባለቤቴም ያንኑ አለ፤ አባቴን አታሳዝኚብኝ አለኝ። እኔ ግን አማቼ ብዙ ጊዜ የሚያወሩትን አንድ ሽማግሌ አስታወስኩ። ባለርስት ነበሩ፤ ዕድሜ ሲጫናቸው ልጆቻቸው የተናገሩትን ሁሉ አዎን አዎን እያሉ ከኋላቸው ይጠቃቀሱ ነበር፤ ፍርድ ቤት ድረስ መጥተው ሳይቀር። አማቼ ይህን ባወሩ ቁጥር፣ እኔንስ እንደ ሕፃን ከምታባብሉኝ አፈር አልብሱኝ ይላሉ። በዓለም ላይ የሚፈሩት ይህን ብቻ ነበር። ሞትን እንኳ እንዲህ አይፈሩትም።

ቢሆንም ተሸነፍኩ። ሐጂ አዲስ አበባ ያለው እንቆቅልሽ አውጪ ተቀይሯል፣ የአሁኑ ጨካኝ ነው ብለው አወሩ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አማቼ ሁለታችንንም በየተራ አየት አየት ያደርጉንና ሶፍ ዑመር ብለው ይጽፋሉ። «ተፈርዷል» ማለቱን ግን ትተውታል።

ክረምቱ ገባና መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ አውቶቡሱ ቀረ፣ ጋዜጣውም ቀረ። ሽማግሌዎቹ ባዶ ጠረጴዛ ከበው ዝናብ ይሰማሉ። በዚህ መሀል ሐጂ ብልሃት አመጡ፤ አማቼ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከግድግዳው ላይ አንዱን አሮጌ እንቆቅልሽ ባዶውን እንድገለብጠውና አዲሱ ጋዜጣ መጥቶ በዝናብ ስለበሰበሰ ነው የገለበጥኩት እንድል። በአንድ ሲኒ ሻይ የጨረሱትን፣ ከሮቤዎቹ ሁሉ ሮቤ የሆነውን መረጥንላቸው። ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበላቸው ብለን ነው። ጤፍ የምታህል ክፋት አልነበረንም።

አማቼ ወረቀቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። በዝናብ በሰበሰ ስላቸው አንድም አልጠየቁኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አጥልቀው ጀመሩ። አንዱ ፍንጭ «ሁሉን ያያል፣ ራሱን ግን አያይም፤ ሦስት ፊደል» ይላል። ዓይን ብሎ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይመልሰዋል። እሳቸው ደጋግመው አነበቡት፤ እስክሪብቶውን ወደ ሳጥኑ አስጠግተው መልሰው ያነሡታል። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሐጂ ቆሎውን በእጃቸው ይዘው መቃም ረስተዋል። አማቼ በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀመጡ፤ ገጹ ባዶውን ነው።

ሐጂ ቶሎ ብለው፣ ወላሂ እንዲህ ያለ ሶፍ ዑመር አይቼ አላውቅም አሉ። አማቼ ወዳጃቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ፣ ሙሽሪት? የት ነው?»

በጠረጴዛው ሥር የሐጂ እግር እግሬን ፈልጎ አገኘው። ቀና ብዬ የአማቼን ዓይን አየሁ። እንዲህ አድርገው አይተውኝ አያውቁም፤ ይለምኑኝ ነበር።

«ሮቤ ነው፣ አባባ» አልኩ።

ሐጂ አስተግፊሩላህ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አማቼ ተነሡና ተከተሉኝ አሉን፤ ክፍላቸው ገብተው ጣታቸውን ከአልጋው ትይዩ ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ያው የገለበጥኩት እንቆቅልሽ ነው፤ በእጃቸው ጽሕፈት ሞልቶ፣ ጎኑ ላይ ሮቤ ተብሎ።

«ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የማየው ይሄን ነው» አሉ። «መልሱ ጠፋኝ እንጂ ቦታው አልጠፋኝም። በዚህ ቤት እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ቀርቶልኝ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።»

ሐጂን ይቆጧቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን የሐጂን እጅ ይዘው አንተ ወደኸኝ ነው አሏቸው፤ ሁለቱም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ያን ባዶ ወረቀት አስመጡኝና ጎኑ ላይ ሮቤ ብለው ጻፉ። «ተፈርዷል» አሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ቃል ስሰማ እንባዬን መያዝ አቃተኝ፤ ደስታ ይሁን ኀዘን እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አውቶቡሱ ሲመለስ ሥርዓቱ ተቀየረ። ፍንጩን እኔ አነባለሁ፤ ሚዛኑም ሁለት ሆነ። እኔ አጋርፋ ካልኩ አጋርፋ ይጻፋል፤ ከሥሩ ደግሞ አማቼ የራሳቸውን ያጽፉኛል። «ለእኔ ሶፍ ዑመር ነው፤ መብራቱን አንቺ ያዢ» ይሉኛል። መልሱን ስነግራቸው ፍንጩ ካማራቸው ይስቃሉ፤ እንዲህ አድርጎ መደበቁ ነው ለካ እያሉ አውጪውን ያደንቁታል። ሐጂም ውለው አድረው ወደ ክርክራቸው ተመለሱ። አማቼ ስድቡን እንኳ ሲረሱት፣ ሐጂ ራሳቸው እግሬ መንገድ ስለማያውቅ ነው እያሉ ያስታውሷቸዋል።

መከር ሲገባ አማቼ ከአልጋ ዋሉ። አንዳንዴ እኔን እኅታቸውን ያደርጉኛል፤ ሐጂን ግን እስከ መጨረሻው አልሳቱም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሐጂ አዲሱን ጋዜጣ ይዘው መጡ። ሙሽራ የአማቷ አልጋ ላይ አትቀመጥም፤ እኔ ግን አልጋው ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። አንዱንም አልመለሱም። ግድግዳውን እያዩ ያዳምጣሉ። ስጨርስ ድምፃቸው እንደ ድሮው ሆኖ፣ የዛሬው የት ነው አሉኝ።

ሐጂን አየሁ። ያን ሰዓት ሶፍ ዑመር ማለት እንዴት ይቀለኝ ነበር።

«ሮቤ ነው፣ አባባ።»

ዓይናቸውን ከደኑ። «እንግዲያው ደርሰናላ» አሉ።

ሐጂ እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀብለው ከሳጥኖቹ ጎን ሮቤ ብለው ጻፉ። «ተፈርዷል» የሚል ጠብቀን ነበር፤ የሚለው ሰው ግን ከእንግዲህ አልነበረም።