ገና ያልታደሰው ሮዝ መታጠቢያ ቤት

ቤቱን ልናይ የሄድን ቀን ደላላዋ መጀመሪያ ያሳየችን ምድር ቤቱን ነው። ከዚያ ጋራዡን፣ ከዚያ ጓሮውን። መታጠቢያ ቤቱን ለመጨረሻ አቆየችው። በሩን ስትከፍተውም እንደ መርዶ ነጋሪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ይሄን አፍርሳችሁ እንደፈለጋችሁ መሥራት ትችላላችሁ" አለችን። ባለቤቴ አልሰማቻትም። ጫማዋን አውልቃ ገብታለች።

ውስጡ ሁሉ ሮዝ ነው። ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ ሮዝ ሴራሚክ ሆኖ ከላይ በወይን ጠጅ ቀለም ተከፍፏል። የመታጠቢያ ገንዳው ሮዝ፣ የእጅ መታጠቢያው ሮዝ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ሳይቀር ሮዝ ነው። የሳሙና ማስቀመጫው ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ከመስታወቱ ኋላ ባለው የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ ቀጭን ቀዳዳ አለች፤ ያገለገለ ምላጭ በእሷ ሲጣል ግድግዳው ውስጥ ይወድቃል። ሠሪው ግድግዳው ምላጭ የሚሞላበትን ቀን አላሰበም መሰለኝ፣ ወይም ያን ቀን እኔ አልኖርም ብሎ ትቶታል። በምንኖርባት በፍሪድሊ ከተማ እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለፋብሪካ ሠራተኛ የተሠሩ፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ። የብዙዎቹ መታጠቢያ ቤት ዛሬ ግራጫና ነጭ ሆኗል። የእኛን ማንም ሳይነካው ቆይቶ ነበር።

ባለቤቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ትሠራ ነበር ልበል። የምታጥባቸው አሮጊቶች በሙሽርነታቸው ጊዜ ስለነበራቸው ሮዝ መታጠቢያ ቤት ያወሩላት ነበር። አንዷ፣ "ሮዝ ግድግዳ ፊት ያፈካል፤ የደከመች ሴት ራሷን እንዳረፈች አድርጋ የምታየው እዚያ ነው" አለቻት። ባለቤቴ ይህን ይዛ ቀረች። ማታ ከሥራ ስትመለስ መስታወቱ ፊት ቆማ፣ "ሰው የምመስለው እዚህ ብቻ ነው" ትላለች። የዱቄት ሳሙና አታስነካውም፣ ይፍቀዋል ብላ። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ነው የምትወለውለው። እኔ አንድ ቀን በሽቦ ፈትጌው ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ግን እሷ፣ እኔና ልጃችን ብቻ ነን። እንግዳ ሲመጣና መታጠቢያ ቤቱን ሲጠይቅ ባለቤቴ ከፊት ከፊት እየሄደች፣ "ይቅርታ አድርጉልኝ እንግዲህ፣ አሮጌ ነው፣ ገና አላደስነውም" ትላለች። እኛ እንዲህ ነን። ገበታው በወጥ ዓይነት ተሞልቶ "ምንም የለም እኮ፣ እንዲያው ለአፋችሁ ያህል ቅመሱ" የምንል ሰዎች ነን። የራሱን የሚያመሰግን ጉረኛ ነው፤ በዚያ ላይ የሰው ዓይን አለ። በጣም የምትወደውን ነገር በጣም ነበር የምታጥላላው። እኔንም በሰው ፊት ስታማኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቅጠል ሲረግፍ ታመመች፣ በጥር ሞተች። አላለቀስኩም። ሰዉ "እሱ የሚያለቅሰው በውስጡ ነው" ይላል። ውስጤን አየሁት፤ እዚያም የሚያለቅስ አልነበረም።

ቤቱ በለቅሶ ደራሽ ሞላ። በረዶ የረገጠ ጫማ በሩ ላይ ተከመረ። ያን ሁሉ ሰው የሚያስተናግደው አንዱ ሮዝ መታጠቢያ ቤት ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ሐዘንተኛ ምንም አይጠየቅም። ብላ ሲሉኝ በላሁ፤ ተኛ ሲሉኝ ተኛሁ። ሕይወቴን ሌሎች ሲኖሩልኝ ተመቸኝ ብል ነውር ይሆን? ተመቸኝ።

በሦስተኛው ቀን ታላቅ ወንድሟ ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝ። ቡርንስቪል ነው የሚኖረው፤ ሥራው ቤት ማደስ ነው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ነው። እሷ ጋሼ ስለምትለው እኔም ጋሼ እለዋለሁ።

"ስማኝ ወንድሜ" አለኝ። "ይሄን ባዝሩም ለአርባዋ እኔ ሪሞደል አደርገዋለሁ። ግራጫ ሴራሚክ፣ አዲስ ሻወር፣ አዲስ ቫኒቲ ከነእጅ መታጠቢያው። አንተ ምንም አታስብ።"

ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር እያየ ቀጠለ።

"በመጣሁ ቁጥር 'ይቅርታ ጋሼ፣ ገና አላደስነውም' ስትለኝ ኖራ እንደተሳቀቀች ሄደች። እኔ የሰው ቤት ሳድስ እውላለሁ። የሰው!" አለና ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። "ይሄን እንኳ ላድርግላት።"

"እሺ" አልኩት። ልቤ እሺ አላለም፤ እንቢም አላለም። በዚያ ሳምንት ያለኝ ቃል እሺ ብቻ ነበር። ደግሞስ ያሳደጋት ሰው እያለቀሰ ላድርግላት ሲል በምን አፍ አታድርግ ይባላል?

ሰዉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ብቻዬን ሆንኩ። ልጃችን ኮሌጅ ውላ ማታ ትመጣለች፤ እኔም ወደ ፋብሪካ ሥራዬ ተመለስኩ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ጺሜ አድጎ አየዋለሁ፤ ከጺሙ በላይ ያለው ፊቴ ግን ጤናማ ነው፣ ቀላ ብሎ ፈክቷል። አሮጊቷ እውነቷን ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ሰው እንዲህ ሊፈካ አይገባውም ብዬ መብራቱን አጥፍቼ መታጠብ ጀመርኩ።

አርባዋ ሲቃረብ ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት መዶሻውንና መሮውን ይዞ መጣ። ውኃውን ዘጋ፤ ገንዳው ላይ ሸራ አለበሰበት። እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብያለሁ። የመጀመሪያው ምት ሲሰማ የጠረጴዛውን ልብስ እያስተካከልኩ ነበር። ሴራሚኩ ሸራው ላይ ሲወድቅ ሰማሁት። ሁለተኛው ምት ቀጠለ።

ልጄ ከክፍሏ በፒጃማ ወጣች። እኔ አማርኛ ሳወራት እሷ እንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ።

"ዳድ፣ ማሚ ላቭድ ኢት" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"ሶ?" ታዲያስ ማለቷ ነው።

ሦስተኛው ምት ተሰማ። ልጄ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ሳላለቅስ እሷ ስታለቅስ ማየት ደከመኝ፤ ተነሣሁ።

ጋሼ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። የወይን ጠጁን ክፈፍ ገና አልነካውም።

"ጋሼ፣ አቁም" አልኩት።

"አቧራው ነው? በሩን እዘጋዋለሁ።"

"አቧራው አይደለም። ትወደው ነበር።"

"ማን?"

"እህትህ። ይሄን ሮዝ ትወደው ነበር። ቤቱን የገዛችው ለዚህ ብላ ነው።"

መዶሻውን እንደያዘ አየኝ። "ለእኔ ለራሴ ገና አላደስነውም ስትለኝ፣ በዚህ ጆሮዬ..."

"ለእንግዳ እኮ እንደዚያ ይባላል፣ ጋሼ። ታውቀው የለ? ወግ ነው።"

"እንግዳ?" አለኝ። "እኔ ለእሷ እንግዳ ነኝ?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱ ቀስ ብሎ ተነሣና የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ጉልበቱ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ሊነካ ደረሰ። ቀና ብሎ ክፈፉን፣ የሳሙና ማስቀመጫውን፣ መስታወቱን አንድ በአንድ አየ። የእጅ ባለሙያ ነውና፣ ጊዜ ሰጥቶ ሲያየው ገባው። "እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ሰው ዛሬ የለም" አለ። ከዚያ፣ "ታዲያ እኔ ምን ልሥራላት?" ብሎ ጮክ ብሎ አለቀሰ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልመጣልኝም።

የወደቁት ሴራሚኮች ሦስት ናቸው፤ አንዱም አልተረፈም። ለአርባዋ ሰው ሲመጣ የወደቁበት ቀዳዳ ላይ ፎጣ ሰቀልንበት። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስቀምጦ ቁጭ አለ፤ ሰው ሲገባ "ፎጣውን እንዳትነኩት" ሲል ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ኮት ኪሱ ውስጥ ሮዝ ሴራሚክ ይዞ። የፈረሰ ቤት ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ነው የሚለቅመው። ሮዝ ሁሉ አንድ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። አንዱ ወደ ብርቱካን ይወስደዋል፣ አንዱ የድድ ቀለም ነው፣ አንዱ ቀለሙ ገጥሞ ውፍረቱ እንቢ ይላል። ጋሼ ግድግዳው ላይ ያስጠጋዋል፤ ዓይኑን ጨፈን ከፈት ያደርጋል፤ "አይደለም" ይልና ኪሱ ይመልሰዋል። ከዚያ ምሳ እንበላለን። እየበላን ስለ እሷ ያወራል። ልጅ ሳለች የዳቦ ልብ ብቻ እየበላች ቅርፊቱን ትራስ ሥር ትደብቅ እንደነበር ነገረኝ። ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን አልነገረችኝም። ልጄ ወሬውን ለመስማት ቅዳሜ ከቤት አትወጣም፤ ያልገባትን በአማርኛ ትጠይቀዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ በደስታ ገባ። ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ የእኛን ቤት የመሰለ ቤት ሊታደስ ነው፤ የሚያድሰው ሠራተኛ ወዳጁ ነው፤ ፎቶውን በስልኩ አሳየኝ። ያው ሮዝ፣ ያው የወይን ጠጅ ክፈፍ።

"ይሄ ራሱ ነው" አለ። "ሳያፈርሱት ሄጄ በእጄ ነው የማወጣው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግድግዳህ ይዘጋል።"

"እሺ" አልኩት፤ ደረቴን ግን አንድ ነገር ወጋኝ። ከጥር ወዲህ ምንም ተሰምቶኝ ስለማያውቅ መጀመሪያ በሽታ መስሎኝ ነበር። ኋላ ገባኝ። ምነው ባልገጠመ እያልኩ ነበር።

ከገጠመማ ቅዳሜ ማን ይመጣል?