አሸዋ ላይ የሚኖር

ይቺ ምላሴ ከልጅነቴ ጀምሮ አላርፍ ያለች ናት። በጃንሆይ ጊዜ ድሬዳዋ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር፣ ፈረንጁ የሳይንስ መምህራችን አንድ ቀን በጣሳ አሸዋ ይዞ ገባ። አሸዋው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ ለጉንዳን የምታደባ ትንሽ ፍጥረት ነበረች። ሰሌዳው ላይ «አሬኒኮላ» ብሎ ጻፈ። «አሬና በላቲን አሸዋ ነው፤ ኮሌሬ ደግሞ መኖር። አሸዋ ላይ ለሚኖር ፍጡር ሁሉ የሚሰጥ ቅጽል ነው» አለን።

እኔ መቼ አርፌ ልቀመጥ! አጠገቤ ወዳለችው ሱማሌ ጓደኛዬ ዞሬ፣ «አቦ፣ አንቺ ማለት ነዋ!» አልኳት፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ። እሷና የግመል ወተት ሻጭ እናቷ የሚኖሩት ከተማውን በሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ከጆንያና ከሰሌን በተሠራች ጎጆ ነበር። ተማሪው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ቀርቶ «አሬኒኮላ» ሆነች። እኔን ማናገር ተወች። ዳቦዬን ገምሼ ብዘረጋላትም አልተቀበለችኝም። ያለ እሷ ትምህርት ቤቱ አስጠላኝ።

ሳምንት እንደምንም ቻልኩና ይቅርታ ልጠይቃት ወደ ወንዙ ወረድኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ከተማው ላይ ቅንጣት ደመና የለም። እሷ ተንበርክካ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው መዳፏን አሸዋው ላይ አሳርፋለች። «ስሚኝማ፣ ያን ዕለት...» ስል፣ «ዝም በይ!» አለችኝ። ቀና ብላ በሐረር በኩል ያለውን ተራራ አየች፤ በዝናብ ደመና ጠቁሯል። «ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ ሩጪ!» ብላ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። እናቷን በሱማሊኛ እየጮኸች ጠርታ፣ ሦስታችንም ዳገቱን ወጣን። ወዲያው ጎርፉ እያጓራ መጣ። ጎጇቸውን ይዟት ሲሄድ ቆመን አየን። ይቅርታውም በዚያው ቀረ።

በሳምንቱ ጅቡቲ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ሊሄዱ ባቡር ተሳፈሩ። ጣቢያው ሄጄ መስኮቷ ሥር ቆሜ እንባዬን ለቀቅኩት። አንዲት ቃል አልወጣኝም፣ ያ ሁሉ ምላስ! ባቡሩ ሲንቀሳቀስ አንገቷን አውጥታ ሳቀችልኝ።

«አሬኒኮላ! እንግዲህ ስሙ ላንቺ ይሁን፤ አሸዋው ላይ የምትቀሪው አንቺ ነሽ። ተራራውን እያየሽ፣ እሺ?»

እኔም ከድሬ ሳልወጣ አረጀሁ። እስከዛሬ ወንዙን ልሻገር ስል ቆም ብዬ ተራራውን አያለሁ። ያን ጊዜ ያልወጣኝን ይቅርታም እዚያው ቆሜ እላታለሁ።