ኮምቦልቻ ላይ የታረዱ ሁለት በጎች

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ የመኪና እሽቅድምድም በቴሌቪዥን ሲያይ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የዛሬ መኪኖች ድምፃቸው የንብ መንጋ ነው እንጂ የሞተር አይደለም። እኔ ሞተር ብዬ የማውቀው ሲነሳ ደረት የሚመታውን ነው። ይህንኑ ስነጫነጭ ልጁ ዞር ብሎ፣ «አባባ፣ እርስዎ ትሪፖሊ ድረስ ሄደው ውድድር አይተው የለ? ማን አሸነፈ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። አገር አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ አሸናፊውን ሳያውቅ የተመለሰ ሰው እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ሳቀብኝ። አልተቀየምኩትም። ያን ቀን ሐሳቤ መኪናው ላይ እንዳልነበረ እሱ ምን ያውቃል።

ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቤታችን ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነበር። እኔ ጎረምሳ ነኝ፤ ከወረራው በፊት የአንድ መኳንንት መኪና እየነዳሁ ሙያውን ስለተማርኩ ጣሊያኖቹ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሀብታም ተቋራጮችና መኮንኖች ያቋቋሙት የመኪና ክለብ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልደታ አውሮፕላን ሜዳ ላይ ባለ ሁለት መቀመጫ ቀያይ መኪኖቻቸውን ያስጋልባሉ፣ የሰፈሩ ሰው አቧራውን እየጠረገ ይራገማል። እኔም አብሬ እራገማለሁ፤ ግን ልዋሽ አልችልም፣ ሰዎቹን እየጠላሁ መኪኖቹን እወድ ነበር።

ያን ዓመት ክለቡ በግንቦት ትሪፖሊ የሚደረገውን ስመ ጥር ውድድር ሄዶ ለማየት ቆረጠ። በመኪኖቻቸው ምጽዋ ድረስ፣ ከዚያ በመርከብ። ቤንዚንና ጎማ የሚጭን አንድ ካሚዮን ይከተላል፤ በካሚዮኑ ሁለት አበሻ መካኒኮች ይሄዳሉ ተባለ። የተመረጥነው እኔና ከማል ነበርን።

ታላቅ ወንድሜ ተድላ በዚያ ሰሞን እናታችን ጓዳ ውስጥ ተደብቋል። ጋሼ ተድላ የልደታ ማርያም ዲያቆን ነው። በዕቃ እየሸፈነ ለአርበኞች ጥይት ሲያወጣ ቆይቶ አብሮት የሚሠራ ሰው ተይዞ ስሙን ተናገረበት። ከተገኘ እሱ ይሰቀላል፣ እኛም ቤታችን ይቃጠላል። ከከተማ የሚያወጣው መንገድ ሁሉ ኬላ ነበረበት።

ዘዴውን ያመጣው ከማል ነው። የስልጤ ልጅ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ የሥራ ባልደረባዬ። ወባ ይዞት አገሩ ሊገባ ተነስቶ ነበርና ይለፉን ሰጠን። ፎቶግራፍ የለበትም። የጋራዡ አለቃ አብሮን አይሄድም፤ የክለቡ ሰዎች ደግሞ አንዱን አበሻ ከሌላው አይለዩም። ጋሼ ከማል ሆኖ ይሄዳል፣ መርከቡ ስዊዝ ላይ ሲቆም ከወደብ ሠራተኛ ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም ያሉት ስደተኞቻችን ይቀበሉታል። ከማል ሳምንት ሙሉ ሰላት አስተማረው። ዜማና ቅኔ የለመደ ራስ ነውና ወዲያው ገባው። ስለ ሥጋ ግን ማናችንም አላሰብንም።

በማለዳ ተነሳን። የበልግ ዝናብ ጣርማ በርን በጉም ሸፍኖት ከፊታችን ያሉት ቀያይ መኪኖች አንዴ ይታያሉ አንዴ ይጠፋሉ። ጭቃው ሲይዛቸው እኛ ወርደን እንገፋለን፣ ባለቤቶቹ መነጽራቸውን እየጠረጉ ይዘፍናሉ። ለእኔ ከጭቃው የባሰው ታላቅ ወንድሜን «አንተ ከማል» ማለት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ጋሼ ሳልል ጠርቼው አላውቅም። አንድ ጊዜ ጎማ ስንፈታ አምልጦኝ «ጋሼ፣ ክሪኩን አቀብለኝ» አልኩት፣ ቀና ስል ሹምባሺው ያየኛል።

ሹምባሺ ማዕረጉ ነው። ክለቡን እንዲጠብቅ የታዘዘ፣ ከቆላው የኤርትራ አገር የመጣ እስላም አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር ነበር። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ካሚዮኑ ላይ ከእኛ ጋር ይቀመጣል፤ አይስቅም፣ አያወራም። ለጣሊያን ብዙ ዘመን የተዋጋ ሰው ነው ስለተባለ እንደ ሞት ፈራሁት።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። የኬላው አዛዥ ጢሙን የተላጨ ቀጭን የጣሊያን ሻምበል ነበር። ከአዲስ አበባ የተፈለገ አንድ ዲያቆን ስሙን ለውጦ በዚህ መንገድ እየወጣ ነው የሚል ወሬ ደርሶታል። ይለፋችንን አገላብጦ አየና መለሰልን፣ ደስ አለን። እሱ ግን አገራችን ብዙ የኖረ ሰው ኖሯል። የክለቡ ሰዎች ምሳ ሲቀርብላቸው ለእኛም ሁለት በግ አስመጣ። አንዱን ክርስቲያን ይረደው፣ አንዱን እስላም ይረደው፣ ሁሉም በየወገኑ ይብላ አለ። በአስተርጓሚው በኩል የተናገረው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«አበሻ ስሙን ይለውጣል፤ ሥጋ ግን አይለውጥም።»

ይህን ብሎ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። የሚያየው አፋችንን ነው። እኔ ከአንድ የኬላው ወታደር ጋር በስመ አብ ተብሎ የታረደው ዘንድ ተቀመጥኩ። ጋሼ ከሹምባሺውና ከሁለት አስካሪዎች ጋር ቢስሚላህ ተብሎ በታረደው ዙሪያ ቁጭ አለ። በመካከላችን ያለው ርቀት አንድ ካሚዮን አያስቆምም። በዚያ ዘመን አንድ ዲያቆን የእስላም ሥጋ በላ ማለት ምን እንደሆነ ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይከብደኛል። ሃይማኖቱን ካደ፣ አለቀ። ጋሼ ለጥይት የማይደነግጥ ሰው ነው፤ ያን ጥብስ ሲያይ ግን ከንፈሩ ነጣ። አልበላም ብሎ ቢነሳ መስቀያው ግንድ እዚያው፣ ገመዱም እዚያው ነው። ብላ፣ ብላ፣ እግዚአብሔር ያውቅልሃል እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። እኔ ራሴ የያዝኩትን ጉርሻ መዋጥ አቅቶኝ አፌ ውስጥ ይዞራል።

ጋሼ ቆረሰ። ሥጋውን በእንጀራ ጠቀለለ። ሊበላ መወሰኑን አወቅሁ፤ የፈራሁት ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ጉርሻውን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሳያማትብ እህል ቀምሶ አያውቅምና፣ ለዚያውም ፈርቶ፣ ቀኝ እጁ ሳይታዘዝ ወደ ግንባሩ ተነሳ። ግንባሩን ነካ። ሻምበሉ አንገቱን ሰገግ አደረገ።

ሹምባሺው ያን ጊዜ ተንቀሳቀሰ። በአንድ እጁ የጋሼን እጅ ከግንባሩ ቀጨም አድርጎ ያዘው፣ በሌላው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ከተተበት።

«ላብህን በኋላ ትጠርጋለህ፣ ከማል። የወንድምህን ጉርሻ አትመልስ» አለው ጮክ ብሎ።

ጋሼ አላመጠ፣ ዋጠ። ሹምባሺው ደገመው፣ ሠለሰው። አስካሪዎቹ ሳቁ። ሻምበሉ ጥቂት ቆሞ አየና አንድ ነገር አጉረምርሞ ወደ ምሳው ሄደ። ዝናቡ ጀመረ መሰለኝ፤ ፊቴ ርሶ ነበር።

መንገድ ስንጀምር ሹምባሺው ካሚዮኑ አጠገብ ጠራኝ። «ሲሰግድ እንደ ቅዳሴ ያስረዝመዋል፤ አንተም ጋሼ ስትለው ሰምቻለሁ። ምጽዋ እስክንደርስ እጁን ኪሱ ውስጥ ያቆየው» አለኝ። ለምን እንዳዳነን ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ «ጎማህን ፈትሽ» ብሎ ተወኝ። ምጽዋ ላይ መርከቡ ሥር ቀረ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ተለያየን።

ጋሼ ስዊዝ ላይ ወረደ፣ ጠፋ። ክለቡ ሠራተኛ አስመለጠ እንዳይባል ከማል የተባለው መካኒክ በወባ ሞተ ብሎ አስታወቀ። እኔ ትሪፖሊ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ከነጭ ሰገነት ላይ ሲጮህ፣ መኪኖቹ አሸዋውን እየሰነጠቁ ሲያልፉ፣ ወንድሜ በሰላም ደርሶ ይሆን እያልኩ ባሕሩን ነበር የማየው።

ደርሶ ነበር። ነፃነት ሲመለስ እሱም ተመለሰ። የንስሐ አባታችን ነገሩን ሲሰሙ ንስሐ ግባ፣ ትፈታለህ አሉት። ጋሼ ስለ ሌላው ሁሉ ተናዘዘ፣ ስለዚያ ምሳ ግን እምቢ አለ። «ያንን እጅ ኃጢአት ብዬ አልጠራውም» አለ። ዲቁናውን ተወ። እውነተኛው ከማል ሱቅ ወደ ከፈተበት ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሲመላለስ፣ ቅዳሴ ሲቀደስ ደጅ ቆሞ እያስቀደሰ፣ ሳይቆርብ አረጀ፣ ሳይቆርብም ሞተ። ልደታ ነው የተቀበረው።

በእኔ ዘንድ እንዲህ ያለ ጽናት የለም፤ እኔ እቆርባለሁ። የዛሬው የንስሐ አባቴ ወጣት ቄስ ናቸው፣ ታሪኩን ከቀደሙት ሰምተውታል። ወንድምህ እልኸኛ ነበር፣ በአንድ ቃል ይፈታ ነበር ይሉኛል። አዎ አባቴ፣ እልኸኛ ነበር እላቸዋለሁ፤ ለመከራከር ዕድሜዬም አይፈቅድ። ግን እሳቸው እዚያ አልነበሩም። ያ ሰው ጉርሻውን ወደ ወንድሜ አፍ ሲያደርስ እጁ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አላዩም። እኔ አይቻለሁ።