የአልጋ አራት ደም

በክፍላችን የላቦራቶሪዋን ሴትዮ በስሟ የሚጠራት የለም። «መቼ ተቀዳ» ነው የምንላት። ስልክ ጮኾ፣ እንደምን ዋላችሁ ሳይባል «ደሙ መቼ ነው የተቀዳው?» ከተሰማ እሷ ናት። እኔ የጽኑ ሕሙማን ነርስ ነኝ። አንዱ ማሽን ሲጮኽ ሌላው ይቀበለዋል፤ እሷ ደግሞ ከምድር ቤት ሆና ታፋጥጠኛለች። በስመ አብ! ፖሊስ እንኳ እንዲህ አይጠይቅም።

«መድኃኒቱን ሳትሰጪው ነው የቀዳሽው ወይስ ከሰጠሽው በኋላ?»

«በኋላ። ትንሽ በኋላ።»

«እንግዲያው ድገሚው።»

«የሰው ደም የቧንቧ ውሃ መሰለሽ እንዴ?»

«በኋላ የተቀዳ ያታልለናል። ከሚቀጥለው በፊት ቅጂልኝ» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ አንቲባዮቲክ የምንሰጠው በሰውየው ክብደት ለክተን ነበር። ኋላ ሐኪሞቹ፣ ክፉኛ የታመመ ሰው እንደ መጽሐፉ አይሆንም አሉ። አንዱ ጋ መድኃኒቱ ይጠራቀምና ይጎዳዋል፤ ሌላው ጋ ሥራውን ሳይሠራ ከሽንት ጋር ይወጣል። ስለዚህ ደሙ ውስጥ ያለውን እየለካን እንስጥ ተባለ፣ ማሽንም መጣ። ማሽኑ ሙቀት አይወድም ብለው ምድር ቤት፣ የተሰባበሩ አልጋዎች ከሚቀመጡበት መጋዘን አጠገብ ተከሉት። ሥልጠናውን የወሰደችው እሷ ስለሆነች እሷንም አብረው ተከሏት። ቀድሞ በትልቁ ላቦራቶሪ ከሰው ጋር እየተሳሳቀች ትሠራ ነበር አሉ። እኔ እንኳን ሳቋን ጥርሷንም አይቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን በሠራተኛ መመገቢያው ጥግ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትበላ አገኘኋት። «አንቺ፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?» ብዬ ቀለድኩ።

«ከማን ጋር ልብላ?» አለችኝ።

ለካ ስታስታምማት የኖረችው እናቷ ከሞተች ወዲህ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። ማታ ማታ ራዲዮ የምትከፍተው ለመስማት ሳይሆን ቤቱ ዝም እንዳይል ነው። አንጀቴን በላችው።

ያን ሰሞን ነው አንድ ብረት በያጅ አልጋ አራት ላይ የተኛው። ግንድ የሚያክል ሰው! ብረት እግሩን ቆርጦት፣ ቁስሉ አመርቅዞ ደሙን መርዞታል። የሚተነፍሰው በማሽን ነው። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች። አንቲባዮቲኩን ሙሉውን እንሰጠዋለን፤ ትኩሳቱ ንቅንቅ አይልም። ደሙን ቀድቼ ላክሁ። ስልኩ ጮኸ።

«ደሙ ውስጥ መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ሰጥታችሁታል ግን?»

«ኧረ ሴትዮ! በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት!»

ደግመን ላክን፤ ያው ነው። የክፍላችን ሐኪም ራሱን እየነቀነቀ መጣ። «ኩላሊቱ ጠንካራ ነው፤ መድኃኒቱን እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል» አለ። መጠኑን ጨመረ፣ ቀስ ብሎም እንዲገባ አደረገ። አሁንም አነሰ። ከዚያ በላይ መጨመር አስፈራው፤ ግን ሰውየው እያየነው እያለቀ ነው። «እየለካን ነው እኮ፤ ካለፈ እንቀንሳለን» ብሎ ጨመረ።

ከዚያ ወዲህ የሴትዮዋ ስልክ መልኩን ለወጠ። «ትኩሳቱስ?» ትላለች። «ሚስቱ እህል ቀመሰች?» ትላለች። በእረፍቷ ቀን ሳይቀር ከምድር ቤት ደወለች።

«ዛሬ እረፍትሽ አይደለም እንዴ?»

«ቤት ምን እሠራለሁ?»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኩን ባነሣው «ገባ!» የሚል ጩኸት ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ! «ልኩ ውስጥ ገባ! ለሐኪሙ ንገሪው!» ልጇ ፈተና ያለፈላት እናት ነው የምትመስለው። እውነትም ትኩሳቱ እየበረደ መጣ። ቱቦው ከጉሮሮው ወጣ፣ ዓይኑን ገለጠ፣ መድኃኒቱንም ጨረሰ።

ከዚያ እንደገና ደወለች። «የአልጋ አራት ደም ቀረብኝ።»

«ምን ያደርግልሻል? ሰውየው ድኖ ተራ ክፍል ገባ!»

«እሰይ» አለች፤ አባባሏ ግን ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይመስላል። «እንግዲያው ከእንግዲህ አይመጣም ማለት ነው።»

ተናደድኩ። በእሷ ይሁን በምኑ እንጃ፣ ብቻ ተናደድኩ። ሥራዬን ስጨርስ ምድር ቤት ወረድኩና እጇን ይዤ ጎተትኳት። «ያዳንሽውን ሰው ሳታዪው? ኧረ በሕግ!» እምቢ አላለችም። ሰውየው የተኛበት ክፍል በር ጋ ስንደርስ ነጭ ጋውኗን አውልቃ ክንዷ ላይ አጠፈችው፤ ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች።

በያጁ ግማሽ ሆኗል። ግን ተቀምጦ፣ ጫማዬን አምጡልኝ እያለ ከወንድሞቹ ጋር ይጨቃጨቃል። ክፍሉ በዘመድ ጢም ብሏል። ሚስቱ እኔን ስታይ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አንቺ ነሽ ያተረፍሽልኝ!»

«እኔ ሳልሆን...» ብዬ ልጀምር ስል፣ ሴትዮዋ ከኋላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ሚስቱ ያን ጊዜ ነው ያየቻት። «እርስዎስ እህቴ፣ ማን ታሞብዎት ነው?»

«ወንድሜ» አለች።

ለእናቷ አንድያ እንደሆነች አውቃለሁ።

«ውይ! እንዴት ሆነልዎት ታዲያ?»

«ተሽሎታል» አለች፣ ዓይኗን ከበያጁ ላይ ሳትነቅል። «ሊወጣ ነው።»

«እሰይ! እንኳን ማረልዎት! እንግዲህ ይዘውት በሰላም ቤትዎ ይግቡ።»

«አሜን» አለች።